ጭቃችሁን ይዛችሁ ግቡ

በኦቦ ቶሎሳ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተራ በተራ አንድ ነገር ይላል። «ደግ ሰው ነበሩ። ሰው አስቸግረው አያውቁም።» አንዱ ብድግ ሲል ሌላው ገብቶ ይቀመጣል፣ ንፍሮው ይዞራል፣ ከዚያ ደግሞ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ውይ፣ ሰው አስቸግረው እኮ አያውቁም» ይላል። እኔ ጥግ ይዤ ደሜ ፈላ። ይሄ ምስጋና ነው እንዴ? ሰው ማንንም ሳያስቸግር ከኖረ ብቻውን ኖረ ማለት አይደል? ተነስቼ ልናገር አሰኘኝ። ለቅሶ ቤት ነውና ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩ።

መሞታቸውን በስልክ የነገረችኝ ሐያት ናት፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። እኔ ያን ሰሞን እህቴ ወልዳ ቡራዩ እሷ ጋ ነበርኩ። «የኦቦ ቶሎሳ መኪና ዛሬ ከበር አልወጣችም» አለችኝ። መኪናዋ ጠዋት ካልወጣች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት። እግዜር ይመስገን፣ አልተሰቃዩም ተባለ። ለእኔ ግን የታየኝ የዚያች አሮጌ ነጭ ሱዙኪ ጥቁር ወለል ነው። ስለዚያ ወለል ካልነገርኩ ስለ እሳቸው ምንም አልነገርኩም።

ሰፈራችን ሰበታ ነው፣ ከጅማው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ። አብዛኞቻችን የቤት ኪራይ ያባረረን የአዲስ አበባ ሰዎች ነን፤ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባ፣ በቆርቆሮ አጥር ተከልለን የምንኖር፣ የጎረቤታችንን ልጅ ከመልኩ ይልቅ በድምፁ የምናውቅ። ኦቦ ቶሎሳ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ዕድሜያቸውን አገር ላገር ሲዞሩ ኖሩና ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ የሚያውቁት ሰፈር የለም። እርሻው ቤት ሆኗል። አብሮ አደጎቻቸው አንዳንዱ ሞቷል፣ ሌላው ልጆቹ ጋ ሄዷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ እኔ ወደዚያ ከመምጣቴ በፊት አርፈዋል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ በማግስቱ ይሄዳሉ። እንግዲህ እኚህ ሰው በተወለዱበት ቀዬ እንግዳ ሆነው እኛ መሃል ቁጭ አሉ።

ረጅም ናቸው፣ አንገታቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይብሳል። ሲያስቡም ሲያዝኑም የመኪናቸውን መሪ በጣታቸው ቆርቆር ቆርቆር ያደርጋሉ። መኪና ውስጥ ካልሆኑ ጉልበታቸውን ይቆረቁራሉ።

የሰበታን የክረምት ጭቃ ያላየ ሰው «ጭቃ» ሲባል ጫማ የሚያቆሽሽ ነገር ይመስለዋል። የእኛ ጭቃ ጫማ ይወስዳል። እግርሽን ታነሻለሽ፣ ጫማሽ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ሁላችንም ንጹሑን ጫማ ቦርሳ ውስጥ እንከትና፣ አሮጌውን አድርገን፣ እላዩ ላይ ፌስታል አስረን፣ እየተንሸራተትን ወደ አስፋልቱ እንወርዳለን። ዝናብ ከጣለ ባጃጅ ወደ እኛ ሰፈር ተንበርክከው ቢለምኑት አይመጣም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፌስታሉን ፈተን፣ ያገኘነው ኩሬ ውስጥ ተለቃልቀን፣ እንደ ሰው ሆነን የታክሲ ሰልፍ እንይዛለን።

ከኦቦ ቶሎሳ ጋር የተዋወቅነውም እዚያው ጭቃ ላይ ነው። ዝናቡ ያካፋል። ጃንጥላዬን በአንድ እጄ፣ ቦርሳዬን በሌላው ይዤ ስንገዳገድ አንዲት ነጭ መኪና ከኋላዬ መጣችና መስኮቷ ወረደ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ!» እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ግቢ፣ አስፋልት ላድርስሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ደርሻለሁ» አልኩ። የደረስኩበት የለም።

«ዝናብ እኮ ነው፣ ግቢ እንጂ!»

«ጫማዬ ጭቃ ነው፣ መኪናዎን አቆሽሽብዎታለሁ።»

«መኪና ነው እንጂ መቅደስ አይደለም!»

«በስመ አብ፣ አይሆንም። ይሂዱ እርስዎ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄዳል። እሳቸው አልሄዱም። ማርሹን አንደኛ ላይ አድርገው በጎኔ በጎኔ ይነዱ ጀመር። ስራመድ ይሄዳሉ፣ ስንሸራተት ይቆማሉ። መስኮቱን አልዘጉትም። የት እንደምሠራ፣ ከየት እንደመጣሁ፣ የቧንቧ ውሃ መቼ መቼ እንደሚመጣልኝ ይጠይቁኛል፤ እኔ እየጮህኩ እመልሳለሁ። አስፋልቱ ጋ ደርሼ ዘወር ብዬ ባያቸው በተከፈተው መስኮት የገባው ዝናብ ጎናቸውን በሙሉ አበስብሶታል። «አየሽ፣ ሁለታችንም ረጠብን» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ መኪናዋን አዙረው ባዶዋን ይዘዋት ተመለሱ። ወደ አስፋልቱ የሚያወርድ ምንም ጉዳይ እንዳልነበራቸው ያኔ ነው የገባኝ።

ጉዳይ አልነበራቸውም። ይሄን ልብ በሉልኝ። ጠዋት ይነሱና፣ መኪናዋን ያሞቁና፣ ሰው ፍለጋ ይወጣሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎኔ ሰው አስቀምጬ ነው የነዳሁት» ብለውኛል አንድ ቀን። «አሁን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ቀኝ እጄን ይበርደኛል።» በቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በበጋማ ይብሳል። ጭቃው ሲደርቅ ሰው ሁሉ በእግሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የሚያሳዝን እንኳ ይጠፋል። ታዲያ አንድ እሁድ መኪናቸውን አስነስተው እስከ ሱሉልታ ሄዱ፤ እዚያ በጠዋት መንገድ ዳር ሰው አይጠፋም ብለው። አይጠፋም በእርግጥ። ሯጮች ናቸው! እሳቸው መኪናዋን አጠገባቸው እያዘገሙ «ግቡ፣ ላድርሳችሁ» ይሏቸዋል።

«አንዷ ልጅ ቆማ፣ ‹አባባ፣ ልምምድ ላይ ነኝ እኮ› አለችኝ። እኔ መች አጣሁት? ብትደክም ብዬ ነው።»

ለሁለት ቀን ሳቅኩባቸው። ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ሲመለሱ ታየኝና አለቀስኩ።

በክረምትም ቢሆን ሰው አይገባላቸውም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ይሉኝታ ነው። እኛ እኮ ጨዋዎች ነን! መኪናዋ ብታረጅም ውስጧ ንጹሕ ነበር። ግራጫ ምንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፎባታል፣ በየጊዜው በብሩሽ ያጸዱታል። በዚህ ላይ ያንን ጭቃ ይዞ ማን ይገባል? ሁሉም «አይቸገሩ፣ ይሂዱ» ይላል፣ ሁሉም በጭቃው ይንቦጫረቃል፣ እሳቸው ባዶ መኪና ይነዳሉ።

ነገሩን የለወጠው አቶ ብርሃኑ ነው። አቶ ብርሃኑ ከእኛ በታች ያለው የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ሱሪው ሁሌ የተተኮሰ፣ ሰላም ሊል ጎንበስ ሲል ክራቫቱን የሚይዝ። አንድ ቀን በረዶ ቀላቅሎ ሲጥል መሸሻ አጣና ገባላቸው። የኦቦ ቶሎሳ ደስታ! ሰውየው ግን ምንጣፉን እንዳይነካ ሁለት እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። እስከ አስፋልቱ ድረስ! መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ እሱም ከነእግሩ ይዘላል።

«‹ኧረ እግርህን አስቀምጠው› እለዋለሁ፣ ‹ግድ የለም፣ ተመችቶኛል› ይለኛል። ላብ በላብ ሆኗል እኮ! ሲወርድ ወገቡ አልዘረጋ ብሎት ነበር» ብለው ሲነግሩኝ ከሳቄ ብዛት እንባዬ መጣ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁና ጉልበታቸውን ቆርቆር ቆርቆር አደረጉ። «በማግስቱ ሲያየኝ በሌላ በኩል ዞረ። በአጥር ሥር፣ እንዳላየው።»

ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ጥፋቱ የምንጣፉ ነው» አሉ። «ምንጣፍ ባይኖር ሰው ይገባል።»

ፒካፕ መኪኖች ዕቃ መጫኛቸው ላይ የሚቀቡት ጥቁር ነገር አለ። ሲደርቅ እንደ ጎማ ይሆናል፤ ድንጋይ ቢጫንበት አይላጥም፣ ውሃ ቢደፋበት አያሳልፍም። ኦቦ ቶሎሳ በሥራ ዘመናቸው ያውቁታልና ሶማሌ ተራ ፈልገው ሁለት ጣሳ ይዘው መጡ። «የውጭውን ውስጥ ልቀባው ነው» አሉኝ። ሰው የሚቀመጥበትን እንደ ጭነት ቦታ ሊያደርጉት! ለምን ጋራዥ አይሰጡትም ብላቸው «ጋራዥ ሰጥቼ እኔ ምን ልሥራ?» አሉ።

ቅዳሜ ሄጄ ሳይ መኪናዋን አራቁተዋታል። ወንበሮቿ ተፈተው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ እሳቸው አንደኛው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ከጎናቸው ያለው ባዶ ነው። «ነይ ተቀመጪ፣ ወዴት ልውሰድሽ?» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጎን ለጎን ሆነን ፊት ለፊታችን ያለውን የቆርቆሮ አጥር ስናይ ቆየን።

ምንጣፉን ሲገሸልጡት አብሬያቸው ነበርኩ። ሥሩ ዝገት፣ አፈር፣ አንድ የተረሳ ብሎን። እና የከረሜላ ወረቀት፣ ብዙ የከረሜላ ወረቀት። ወይዘሮ ጫልቱን መኪና ያጥወለውላቸው ነበርና መንገድ ሲሄዱ ከረሜላ ከአፋቸው አይለይም ነበር። «ወረቀቱን በመስኮት ጣይው ስላት፣ አገር አላቆሽሽም ትለኛለች። ለካ እዚህ ነው የምትሸጉጠው!» ብለው ሳቁ። ወረቀቱን ከአፈሩ ጋር ጠርገው ደፉት። ከዚያ ቤት ገቡና ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበው ነበር።

«ቀለሙን መቀባት ቀላል ነው፣ ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው» ይሉ ነበር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቁት። ቀለሙ የሚጨብጠው እንዲያገኝ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት አሻከሩት። ቅባቱን በቤንዚን አጠቡ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወተፉ፣ መቀባት የሌለበትን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈኑ። ከዚያ በሮለር አንድ ዙር፣ ቆይተው ሌላ ዙር። ሽታው ራስ ይበጣል! ሐያት ከአጥሯ ማዶ «ኦቦ ቶሎሳ፣ ልጆቼን ሊያሰክሩብኝ ነው!» ትላለች። ዓይናቸው ደም መስሎ ሳየው ወተት ለሽታ ጥሩ ነው ብዬ አፍልቼ ወሰድኩላቸው።

«አትቸገሪ፣ ኢንታላ ኮ። ለራስሽ ጠጪው።»

«ለእርስዎ ነው ያመጣሁት!»

«ተባረኪ። እኔ ደህና ነኝ።»

አላስቻለኝም። «እርስዎ ሰውን ሁሉ በግድ መኪናዎ ውስጥ ሊያስገቡ ይፈልጋሉ፣ ከሰው እጅ ግን አንድ ብርጭቆ ወተት አይቀበሉም። ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብዬ ብርጭቆውን በረንዳው ላይ ቁጭ አድርጌው ሄድኩ። ማታ ስገባ ብርጭቆው ታጥቦ በሬ ሥር ተቀምጧል። ጠጥተውት ይሁን ደፍተውት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐምሌ ነው እንግዲህ፤ ቀለሙ አልደርቅ አለ። ጣት ሲነካው ይለጠፋል። ፀሐይ ብልጭ ስትል መኪናዋን ከመጠለያው ገፍተን እናወጣታለን፣ ደመና ሲመጣ ገፍተን እናስገባታለን። አንድ ቀን ኦቦ ቶሎሳ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው ወደ መኪናዋ ሲጠጉ ደረስኩባቸው።

«ኦቦ! ያ ሁሉ ቤንዚን! ያ ሁሉ ቀለም! ሰፈሩን ሊያነዱት ነው?»

ደንግጠው ምድጃውን እንደያዙ ቀሩ። «ቸኩዬ እኮ ነው» አሉ። ለምን እንደቸኮሉ አውቃለሁ። ክረምቱ ካለፈ፣ ጭቃው ከደረቀ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይገባል?

በመጨረሻ ደረቀ። ወንበሮቹን መለሱ፣ ቀዳዳዎቹን ከፈቱ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ደፍተው ከሥሯ ኩልል ብሎ ሲፈስ አሳዩኝ። «እንግዲህ ጭቃም ይምጣ፣ ከፈለገ በሬም ይግባ!» አሉ። ወለሉ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። መኪናዋን መንገዱ መታጠፊያ ላይ አቁመው፣ በሮቿን ከፋፍተው ጠበቁን።

አቶ ብርሃኑ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና «አቤት ሥራ! እንኳን ደስ አለዎት!» አለ፣ ቤት ላስመረቀ ሰው እንደሚባለው። ሐያት መጣች፣ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ። «ማሻአላህ! አዲስ እኮ ሆነች!» አለች። ልጆቹ ሊገቡ ሲሉ «ቁሙ! ጫማ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ የልጆቿን ጫማ ማውለቅ ጀመረች። የራሷንም! በካልሲ ልትገባ! እኔስ ብትሉ? ነገሩን ከሥሩ የማውቀው እኔ፣ ጫማዬን ድንጋይ ላይ ስፈገፍግ ራሴን አገኘሁት። አዲስ ነገር ነዋ! በአሮጌው ምንጣፍ ያፈርን ሰዎች አዲሱን ወለል እንዴት እንረግጣለን?

ኦቦ ቶሎሳ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩ። «እንድትረግጡት እኮ ነው! ለእናንተ እኮ ነው!»

«አይ ኦቦ ቶሎሳ፣ ገና አዲስ ነው፣ ያሳዝናል» አለ አቶ ብርሃኑ፣ እግሩ ላይ ያለውን ፌስታል እያጠበቀ። ጥሎን ወረደ። ሐያትም ረፈደባትና የልጆቿን ጫማ መልሳ አድርጋላቸው ተከተለችው። እኔ ብቻ ገባሁ። እሳቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ መሪውን ቆርቆር ቆርቆር አደረጉ።

በማግስቱ ስንወጣ መኪናዋ እዚያው መታጠፊያ ላይ ናት። ኦቦ ቶሎሳ ግን ውጭ ቆመዋል፤ ቦት ጫማ አድርገዋል፣ አካፋ ይዘዋል። ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቁ። ከዚያ አካፋውን መሬት ውስጥ ሰኩት፣ ሙሉ ጭቃ አነሱ፣ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ዷ! ሐያት ጮኸች። ሌላ አካፋ ከኋላ፣ ዷ! ሌላ ከፊተኛው ወንበር ሥር። አቶ ብርሃኑ «ምን ነካቸው ሰውየውን!» ብሎ ወደኋላ ሸሸ። ሲጨርሱ አካፋውን አጥር አስደገፉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«አሁን የቆሸሸው ማን ነው? እናንተ ወይስ መኪናዋ?» አሉ። «በሉ፣ ጭቃችሁን ይዛችሁ ግቡ!»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐያት ናት። «ኧረ እኚህ ሰው ለየላቸው!» አለችና ልጆቿን ብድግ ብድግ አድርጋ አስገባቻቸው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ሁላችንም ገባን። አቶ ብርሃኑ ሳይቀር እግሩን ጭቃው ውስጥ ቀብሮ «እንደውም እኔን አቆሸሻችሁኝ» አለ። ኦቦ ቶሎሳ እንደዚያ ጥርሳቸው ሁሉ ታይቶ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያ ክረምትና የሚቀጥለው ለእሳቸው ዓመት በዓል ሆነ። መኪናዋ ሞልታ ትወርዳለች፤ አንዱ የሌላው ጭን ላይ፣ የአቶ ብርሃኑ ቦርሳ የሐያት ልጅ ራስ ላይ። ጎረቤቶቼን ያወቅኳቸው እዚያ ውስጥ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ መንገዱ አጭር ነው። አስፋልቱ ጋ «ይስጥልን» ብለን እንበተናለን፣ እሳቸው ብቻቸውን ይመለሳሉ። ማታ ሲያገኙኝ ደግሞ የጠዋቱን ጨዋታ ይነግሩኛል። ብርሃኑ እንዲህ አለ፣ ሐያት እንዲህ ብላ መለሰችለት። እኔም እዚያው ተቀምጬ እንደነበር ይረሱታል። አላስታውሳቸውም፤ እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ወሬ እንዳልነበራቸው ይገባኝ ነበር።

አንድ ቀን ፈቃድ ወጥቼ ቤት ስውል መኪናዋን ሲያጥቡ አየኋቸው። ወለሉን በባልዲ ውሃ ቀስ ብለው አጥበው አጥበው ጥግ ላይ ትንሽ ጭቃ ተዉ።

«ይሄን ረሱት» አልኳቸው።

«አልረሳሁትም። እንደ እርሾ ነው። ንጹሕ ካገኛችሁት ነገ ጫማ ልታወልቁብኝ አይደል?»

ለመስቀል ሴት ልጃቸው መጣች። መኪናዋን ከፍታ አየችና «አባዬ፣ የጭነት መኪና አስመሰልካት እኮ! ምንጣፍ ላስገባልህ?» አለች። «ተይው፣ ለሰው ብዬ ነው» አሏት። «ለየትኛው ሰው?» አለች ባዶውን ግቢ ዞር ዞር ብላ እያየች። ለክፋት አልነበረም፤ የምር ስላልገባት ነው። እሳቸውም አላስረዷትም።

ከዚያ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ መንገዱን ኮብልስቶን እናንጥፍ ተባለ። ድንጋዩን ከአስፋልቱ ወደ ላይ የሚያመላልስ መኪና ሲጠፋ ማን ብቅ አለ? ኦቦ ቶሎሳ። የኋላ ወንበሮቹን ፈተው፣ ያው ጥቁር ወለል ላይ ድንጋይ እየጫኑ ቀኑን ሙሉ ተመላለሱ። ድንጋዩ ሲወረወርበት ወለሉ አንድም ቦታ አልተላጠም፤ እሱን ለሁሉም ያሳያሉ። እኔ ግን ድንጋይ ሲያነሱ ጠጋ አልኳቸው።

«ኦቦ፣ ይሄ መንገድ ሲያልቅ ባጃጅ እየደጃችን ሊመጣ እኮ ነው።»

«ኤዬ፣ ይመጣል።»

«ታዲያ እርስዎስ?»

ድንጋዩን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ። «ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው ጭቃ ውስጥ ይንከባለልልኝ ብዬ ልጸልይ?»

እንዳልኩትም ሆነ። ባጃጁ መጣ፣ በየበሩ ጡሩምባውን እየነፋ። ሰውም አልጨከነባቸውም፤ ይሉኝታው ነው የተገለበጠው። መንገዱ ጥሩ ሆኖ፣ ባጃጅ በደጅ ቆሞ፣ እንዴት ሽማግሌ ይንከራተታል? «አይቸገሩ ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ ይረፉ!» ይሏቸዋል ከልባቸው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ። አቶ ብርሃኑ ደግሞ ከባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን መታጠፊያው ላይ በሮቿን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። ቆይተው በሮቿን ዘጉ። ቆይተው ሞተሩንም አጠፉ። መውጣቱን ግን አልተዉም፤ መሪውን ይዘው የቆመ መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ።

እኔ ሰበብ እየፈለግኩ እገባላቸው ነበር። የባጃጅ ንፋስ አይስማማኝም። ወገቤን ያመኛል። ሾፌሩ አነዳዱ ያስፈራኛል። እሳቸውም እሺ ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ይነዳሉ። አንድ የጥቅምት ጠዋት ግን ከበሬ ስወጣ ባዶ ባጃጅ ፊቴ ቆመ። «እህት፣ ግቢ!» አለ ሾፌሩ። በእጄ ሂድ ብዬው ወደ ሱዙኪዋ ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ ያዩን ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረጉት እንጂ በሩን አልከፈቱም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ጉንፋን ይዞኛል፣ የባጃጅ ንፋስ…»

«ትላንት ወገብሽ ነበር።»

«ወገቤም ነው።»

«ውሸት አትችይበትም፣ ኢንታላ ኮ።» ጣቶቻቸው መሪው ላይ ናቸው፣ ግን አይንቀሳቀሱም። ፊት ለፊት መንገዱን እያዩ «ስለ እኔ ብለሽ ነው የምትገቢው፣ አይደል?» አሉ።

ሌላ ውሸት ፈለግኩ። ከዚያ ዞረው አዩኝና ተውኩት።

«አዎ» አልኩ።

ባጃጁ ተስፋ አልቆረጠም፣ ሞተሩ ከኋላዬ ይንጣጣል። ልቤ ፈራ። «አትቸገሪ» ሊሉኝ ነው አልኩ በሆዴ፤ ያቺ የለመዷት ቃል ከንፈራቸው ላይ ስትደርስ አየኋት። እንዲህ ካሉኝ ደግሞ አለቀ፣ ከነገ ጀምሮ በየትኛው ፊቴ እመጣለሁ? አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሺ» አሉ። «ስለ እኔም ብለሽ ቢሆን ግቢ።»

እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከውስጥ ከፈቱልኝ። ገባሁ። ባዶውን ባጃጅ ጥለነው ወረድን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰበብ ፈልጌ አላውቅም፣ እሳቸውም ለምን ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።